ለኦዶላ ያልተሰጠው ግልባጭ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ጋምቤላ ውስጥ ከኒውላንድ ሰፈር ወደ መሃል ከተማ በሚሄድ ባጃጅ ተሳፍሬ ነበር። ለምን እንደወጣሁ ትዝ አይለኝም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ምክንያት ፈልጌ እወጣለሁ፣ ገበያውን ዞሬ ሁለት ሎሚ ገዝቼ እመለሳለሁ። መንገድ ላይ አንዲት ወጣት ሴት አጠገቤ ገባች። ጉልበቷ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ይዛለች። ትንሽ እንደሄድን ዘወር ብላ፣ «እማማ፣ ወረዳ ፍርድ ቤት ስንደርስ ንገሪኝ» አለችኝ። እዚህ አገር «አንቺ» መባል ንቀት አይደለም። አማርኛን በትምህርት ቤትና በገበያ የለመደ ሰው «እርስዎ» ማለቱን ብዙም አያውቅበትም፤ «እማማ» ካለ አክብሮሻል ማለት ነው። «ምን ጉዳይ አለሽ?» አልኳት። ዕድሜውን መዝገብ ቤት የጨረሰ ሰው አፉ አርፎ አይቀመጥለትም። «የአባቴን መዝገብ ልጠይቅ ነው። የድሮ ነው። በነፃ የለቀቁበትን ወረቀት ነው የምፈልገው» አለችኝ። «አባትሽ ማን ይባላል?» አልኩ። «ኦዶላ» አለች። «ጤና ረዳት ነበር።»

ባጃጁን አስቁሜ መውረድ ፈለግሁ። ሳንቲሙን ከመቀነቴ ፈትቼ እጄ ላይ ያዝኩት፣ መልሼ ቋጠርኩት፣ እንደገና ፈታሁት። ልጅቷ ስሟ አቻላ እንደሆነ፣ ከኢታንግ እንደመጣች፣ ኩሌ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ በአስተርጓሚነት እንደምትሠራ፣ አባቷም ዓይኑ ሊጠፋ እንደተቃረበ ታወራኛለች። እኔ የምሰማው ግማሹን ነው። በልቤ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል፤ መዝገቡ የት እንዳለ ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

ያኔ ጋምቤላ እንዲህ አልነበረችም። ባጃጅ ብሎ ነገር የለም፤ ዳኛውም ተከሳሹም በአንድ መንገድ፣ በእግራቸው፣ በአንድ የማንጎ ጥላ ሥር ላባቸውን እየጠረጉ ነበር ወደ ችሎት የሚመጡት። በአንድ ብር የምትገዢውን ማንጎ ተሸክመሽ ቤት ማድረስ ያቅትሽ ነበር። ወንዶቹ ቦንዳ ሸሚዝ፣ ሴቶቹ ሽንሽን ቀሚስ፣ ሁላችንም ኮንጎ ጫማ፤ ፀሐዩ ሲበረታ ፕላስቲኩ እግርሽ ላይ የሚቀልጥ ይመስልሻል። ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ቀኑን ሙሉ የሱዳን ዘፈን ይሰማል፤ ካሴቱ እየተለጠጠ ዘፋኙ መሃል ላይ ድምፁ ይጎተታል፣ ባለቤቱም በእስክሪብቶ ያጠነጥነዋል። እኔ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነኝ። አባቴ እስከ ዕለተ ሞቱ ከመሬቱ አልተለየም፣ ወንድሞቼ ዛሬም በቆሎ ያርሳሉ። እኔ ግን የጽሕፈት መኪና ተምሬ ከተማ ገባሁና በወረዳው ፍርድ ቤት መጀመሪያ ታይፒስት፣ ኋላም የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆንኩ። ታይፒስት ስባል እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሰፈራው ስሄድ እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ዳኛ የሚፈርደውን የምትጽፈው እሷ ናት» እያለች ታስተዋውቀኝ ነበር።

ያ ፍርድ ቤት ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ረጅም ቤት ነበር። ዝናብ ሲጥል ዳኛው የምስክሩን ቃል መስማት ስለማይችሉ ችሎቱ እስኪያባራ ይቆማል። በሩ ክፍት ነው፤ ችሎት ለሁሉም ክፍት መሆን አለበት ስለሚባል አላፊ አግዳሚው ገብቶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዳምጣል። አንዱ በአኙዋክ ይናገራል፣ ሌላው በኑዌር፣ ዐቃቤ ሕጉ በአማርኛ። መሃል ላይ ኦጁሉ የሚባል አስተርጓሚያችን አንገቱ እስኪዝል ይዞራል። ዳኛው በእጃቸው ይጽፋሉ፤ የእሳቸውን ጽሕፈት አንብቤ በመኪና የምመታው እኔ ነኝ። የተመታው ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት፣ «ትክክለኛ ግልባጭ» ተብሎ ለባለጉዳዩ ይሰጣል። ግልባጩ ካልወጣ ውሳኔው ከዚያች ክፍል አይወጣም። ሕዝቡ ይህን አያውቀውም ነበር፤ ዳኛው አፍ አውጥተው ከተናገሩ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ኦዶላ ከሰፈራችን ማዶ ባለ የአኙዋክ መንደር ጤና ኬላ ይሠራ ነበር። የእኛም ሰዎች ሲታመሙ ወደ እሱ ነው የሚሄዱት። ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው ነበር። አንድ ክረምት ወባው ከወትሮው በላይ በረታ። ከከተማ መድኃኒት ተላከ ተባለ፣ ኦዶላ ግን «አልደረሰኝም» አለ። ሰው ይሞት ጀመር። በመንደሩ የሞቱትን ሁሉ አላውቃቸውም፤ በእኛ ቤት ግን የሞተችው ዘነበች ናት። የሁላችን ታናሽ ነበረች፣ እዚሁ አፈር ላይ የተወለደች፣ ገና አሥራ አንድ ዓመቷ። አባቴ ሁለት ጊዜ ተሸክሟት ጤና ኬላው ድረስ ሄዷል። ሁለቱንም ጊዜ ኦዶላ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እየጠረገ «የለኝም፤ ወደ ከተማ ውሰዷት» አለው። በሦስተኛው ቀን ወደ ከተማ ስትመጣ መንገድ ላይ አለፈች። ከዚያ ወሬው መጣ፤ ኦዶላ መድኃኒቱን ተቀብሎ ለነጋዴ ሸጦታል ተባለ። ክሱም እኛ ፍርድ ቤት ገባ። መዝገቡን ከፍቼ ቁጥር የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አቻላ ክንዴን ነካ አደረገችኝ። «እማማ፣ ይሄ ነው?» ደርሰናል። «አዎ» አልኩ። እሷ ወረደች። እኔ ተቀምጬ ቀረሁ። ሹፌሩ «ማዘር፣ ገበያ ነው ወይ?» አለኝ። መለስ ብዬ ሳይ ልጅቷ በሩ ላይ ለጥበቃው ወረቀቷን እያሳየች ነው። ወረድኩ።

መዝገብ ቤቱ አሁን ኮምፒዩተር አለው። ሬጅስትራሩ ልጅ እግር ነው፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ስል የተቀጠረ፤ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነሣ። «እማማ በላይነሽ! ምነው በደህና?» አለኝ። «ይቺን ልጅ ይዤ ነው» አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እንጃ። አቻላ ማመልከቻዋን ሰጠችው። አነበበና፣ «የመዝገብ ቁጥር ያስፈልጋል እኮ። የአባትሽ ስም ብቻውን አያገኘውም። ኮምፒዩተሩ ላይ የገባው የቅርቡ ነው፤ የድሮው ኮንቴይነር ውስጥ ነው ያለው፣ ማን ፈልጎ ያወጣዋል?» አላት። አቻላ ተስፋ አልቆረጠችም። «ሰው ሁሉ ማየት ይችላል ብለውኛል። ውሳኔ የተሰጠበት መዝገብ ግልባጭ መጠየቅ መብት ነው ብለውኛል» አለች። «መብትሽማ ነው። ግን ቁጥሩ!» አለ፤ ተቆጥቶ አይደለም፣ ደክሞት ነው። እኔም ሳላስበው ቁጥሩን ነገርኩት። ሁለቱም ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ ስንት ሺህ መዝገብ በእጄ አልፏል፤ በቃሌ የማውቀው ያንን ብቻ ነው። «የታችኛው መደርደሪያ፣ በስተግራ በኩል፣ የውርስ መዝገቦች ሥር» አልኩት። የውርስ መዝገብ ሥር የወንጀል መዝገብ ምን ይሠራል ብሎ አልጠየቀኝም።

ኮንቴይነሩ ሲከፈት የወጣው ሙቀትና የእርጥብ ወረቀት ሽታ ወደ ኋላ ገፋኝ። ምስጥ ከወለሉ ጀምሮ ወጥቷል። ሬጅስትራሩ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ገባ፤ እኔ በር ላይ ቆሜ፣ እውነቱን ልናገር፣ ምስጥ በልቶት እንዲሆን ተመኘሁ። ደግሞ ወዲያው ደነገጥኩ። ደግሞ ተመኘሁ። አቻላ አጠገቤ ቆማ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ትጸልያለች። ብዙ ከቆየ በኋላ ልጁ በአቧራ ነጭ ሆኖ ወጣ። እጁ ላይ ቡናማ ማኅደር ይዟል።

ማንጎው ሥር ተቀምጠን ገለጥነው። ክሱና የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ተበልተው ወንፊት ሆነዋል። ውሳኔው ግን ደህና ነበር፤ የዳኛው የእጅ ጽሕፈት፣ ሰማያዊው ቀለም ትንሽ ፈዞ፣ ፊርማው እንዳለ። «አንብቢልኝ፣ ይሄን ጽሑፍ አልችለውም» አለች አቻላ። አነበብኩላት። ቱት የሚባል ታንኳ ቀዛፊ፣ ችሎቱ ለመጨረሻ ጊዜ በተቀመጠ ቀን፣ ማንም ሳይጠራው በራሱ እግር መጥቶ ቃሉን ሰጥቷል። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዞ ሲሻገር ታንኳው እንደተገለበጠ፣ ካርቶኑን የባሮ ወንዝ እንደወሰደው፣ ፈርቶ «አድርሻለሁ» እንዳለ፣ አንድ ንጹሕ ሰው በእሱ ፈንታ ሊታሰር መሆኑን ሲሰማ ግን እንቅልፍ እንዳጣ ተናግሯል። ፍርድ ቤቱም ተከሳሹ ኦዶላ የተባለውን መድኃኒት ያልተረከበ መሆኑን ተረድቶ በነፃ አሰናብቶታል። አቻላ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ልክ እንደ አባቷ።

ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ቅጠል እኔ አልገለጥኩትም፤ እሷ ናት የገለጠችው። በስፒል የተያያዙ ሦስት ማመልከቻዎች ናቸው። ሦስቱም የኦዶላ ናቸው፤ የውሳኔ ግልባጭ ይሰጠኝ ይላሉ። በመጀመሪያው ላይ «ሰኞ ይመለስ» ተብሎ ተጽፏል። በሁለተኛውም «ሰኞ ይመለስ»። በሦስተኛው፣ ጎላ ባለ ቆንጆ ጽሕፈት፣ «መዝገቡ ስላልተገኘ አመልካቹ ይሂድ»። ከሥሩ ፊርማ አለ። አቻላ ጣቷን ፊርማው ላይ አድርጋ ቆየች። «መዝገቡ ካልተገኘ ይሄ ወረቀት እንዴት መዝገቡ ውስጥ ገባ?» አለችኝ። ኩሌ ውስጥ የሰው ቃል ስታስተረጉም የምትውል ልጅ ናት፤ የጎደለውን ታውቃለች። «ማነው የፈረመው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

ነገሩን እንዳለ ነገርኳት። ፍርዱ በተነበበ ቀን ችሎቱ ውስጥ አልነበርኩም፤ የዘነበችን ስም መስማት ስለፈራሁ ከጽሕፈት መኪናዬ ፊት አልተነሣሁም ነበር። ከውጭ ጩኸት ሰማሁ፣ ተፈታ አሉ፣ ደሜ ፈላ። ገንዘብ በልተው ነው የለቀቁት ብዬ ለራሴ ፈረድኩ። መዝገቡ ለመመታት ወደ እኔ ሲመጣ አልከፈትኩትም። አባቷ ግልባጩን ሊወስድ ሲመጣ፣ ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ መስኮቱ ላይ ሲቆም፣ «ሰኞ ና» አልኩት። ከተጠጋበት ከኢታንግ በእግሩ የአንድ ቀን መንገድ እንደሆነ እያወቅሁ ነው። «እህቴ፣ ወረቀቱን ካላዩ መንደሬ አያስገቡኝም» አለኝ። እህቴ ሲለኝ ጭራሽ ብሶብኝ በሚቀጥለው ጊዜም ሰኞ ና አልኩት። በሦስተኛው መዝገቡን ከማንም ዓይን ሰውሬ ከውርስ መዝገቦች ሥር አኑሬ የለም አልኩት። ከዚያ በኋላ አልመጣም። ዓመታት አልፈው፣ አግብቼ ልጅ ወልጄ፣ መደርደሪያ ሲቀየር እጄ ላይ ወደቀ፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ የታንኳ ቀዛፊውን ቃል አነበብኩ። ያን ቀን መሮጥ ነበረብኝ፤ ኦዶላን ፈልጌ፣ ወረቀቱን ይዤ። ማኅደሩን ዘጋሁና መልሼ ከነበረበት ሥር ከተትኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ ባሌ ነፍሱን ይማረውና «እሾህ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?» ይለኝ ነበር።

አቻላ ተነሣች። ትመታኛለች ብዬ ነበር። አቧራውን ከቀሚሷ አራግፋ፣ «ነይ፣ ማኅተም እናስደርግ» አለችኝ። ሬጅስትራሩ ውሳኔውን ኮምፒዩተር ላይ አስመትቶ፣ አስፈርሞ፣ በማግሥቱ ግልባጩን ሰጣት። በአንድ ቀን! እኔ ሦስት ሰኞ የነፈግሁትን። ከበሩ ስንወጣ ቆም አለችና፣ «እሁድ ወደ አባቴ የድሮ መንደር እንሄዳለን። አንቺ ታነቢዋለሽ። አባቴ ፊት» አለችኝ። ይሆንልሻል ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ፣ ልብሴን አጥቤ ሳይደርቅ አወረድኩት። ሐሙስ ቀን ታምሜያለሁ ልላት ስልኬን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ። እሁድ ጠዋት አቻላ በተከራየችው መኪና መጥታ ወሰደችኝና ኢታንግ ደርሰን ኦዶላን ከቤቱ አወጣነው። አርጅቷል። ነጭ ሸሚዙ በካውያ ተተኩሷል፤ መሬቱን በዘንግ እየዳበሰ መጣ። አቻላ በአኙዋክ አንድ ነገር ነገረችው። ፊቱን ወደ እኔ አቅጣጫ አዞረ። «ድምፅሽን አሰሚኝ» አለ በአማርኛ። «ኦዶላ፣ እኔ በላይነሽ ነኝ» አልኩ። «ሰኞ ና» አለ። «አንቺ 'ሰኞ ና' ነሽ። ስምሽን አላውቅም ነበር።» እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ዘንጉን ዘርግቶ ከለከለኝ። «እኔ ጋ አይደለም። መጀመሪያ እዚያ አንብቢ» አለኝ። ዘንጉን ይዞ መኪናው ውስጥ ገባ።

በመንደሩ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሰው ትልቁ ዛፍ ሥር ተሰበሰበ። የኦዶላ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ራቅ ብሎ ቆሞ ወንድሙን አልጨበጠውም። ልጆቻቸው በዚያ ክረምት የሞቱባቸው እናቶች ዛሬ አሮጊቶች ሆነው ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ግልባጩን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ አነባለሁ፣ አቻላ ወደ አኙዋክ ትመልሳለች። ታንኳው ተገለበጠ የሚለው ላይ ስንደርስ ማጉረምረም ተነሣ፤ በነፃ ተሰናብቷል የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብነው። ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ አፒያ ይሏታል፣ ተነሥታ ረጅም ነገር ተናገረች። አቻላ ተረጎመችልኝ፦ «ሁለት ልጅ ቀብሬያለሁ። ይሄን ሰው ሃያ ምናምን ዓመት ረግሜዋለሁ። ወረቀቱ ይሄን ሁሉ ዘመን የት ነበር? ትላለች።»

«እኔ ደብቄው ነው በያት» አልኳት።

አቻላ አየችኝ። ከዚያ ወደ አሮጊቷ ዞራ አጭር ነገር ተናገረች። የእኔ አኙዋክኛ የገበያ አኙዋክኛ ነው፤ ግን መዝገብ ቤት ስሠራ ኦጁሉ ባለጉዳዮቹን በቀን አሥር ጊዜ ሲላቸው የሰማሁትን አንድ ቃል እንዴት አላውቀውም? «ጠፍቶ ነበር» ነው ያለቻት። ልታድነኝ ነው። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፤ ወረቀት ይጠፋል፣ መንግሥት ቤት የማይጠፋ ምን አለ። እዚያ ላይ ዝም ብል ነገሩ ያልቅ ነበር። የአቻላን ክንድ ይዤ ወደ ጎን አደረግኋትና በዚያች በተሰባበረች አኙዋክኛዬ ራሴ ተናገርኩ። አልጠፋም አልኩ። እኔ ነኝ አልኩ። እህቴ ሞተች፣ ሳላነብ ጠላሁት፣ ሳላነብ ደበቅሁት አልኩ። ግሡን ሁሉ አበላሽቼዋለሁ መሰለኝ፤ አንድ ሁለት ሕፃናት ሳቁ፣ ትልልቆቹ ግን ገብቷቸዋል።

አፒያ ሰማችኝ። ከዚያ አጠገቤን አልፋ፣ ልብሷ እየነካኝ፣ ወደ ኦዶላ ሄደችና ከፊቱ ቆመች። እጁን አንሥታ በሁለት እጇ ያዘችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ወንድሙም ከራቀበት መጣ፤ መጣና እንዴት እንደሚጀምር ጠፍቶት የኦዶላን ዘንግ ተቀብሎ ቆመ። ሌሎቹም ከበቧቸው። እኔ ወረቀቱን እንደያዝኩ ፀሐዩ ላይ ቀረሁ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ማንም ተቀመጪም አላለኝም።

ሹፌሩ መንገዱ ሳይረጥብ እንሂድ እያለ ጥሩምባ ነፋ። አቻላ አባቷን ልትጠራ ሄደች። ብዙ ቆይታ ብቻዋን ተመለሰችና በሩን ከፍታ ገባች። «አይመጣም። ወንድሙ ቤት ይደር ብለዋል። ምናልባትም ይቀራል» አለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ፊቷ ግን በርቷል። መኪናው ተነሣ። የመጨረሻዎቹን ቤቶች እስክናልፍ ታገሥኩና፣ «ስለ እኔስ?» አልኳት። «አባትሽ ስለ እኔ ምን አለ?»

አቻላ መልስ ልታለዝብልኝ ስታስብ አየኋት፤ ከዚያ ተወችው።

«ስለ አንቺ ምንም አላለም፣ እማማ» አለችኝ።